ኮከብ ቆጠራ

ከማራኪ ግቢ፣ ከደረጃው በታች፣
መስኮቷ የማይከፈት አንዲት ክፍል አለች።
በሯ ላይ በቁስል ፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት
"ስታቲስቲክስ" ይላል፤ እዚያ ነው የኔ ቤት።

ሐኪሙ ይመጣል፣ ፋርማሲስቱ ይመጣል፣
ፍላሹን እንደ ስለት ጨብጦ ይቆማል፣
"አደራህን፣ አንዲት ኮከብ አውጣልኝ" ይላል።
ኮከቧም ይቺ ናት፦ ፒ ከዜሮ ነጥብ ዜሮ አምስት ስታንስ፣
እንደ መኮንን ማዕረግ ከቁጥሩ ትከሻ የምትነግሥ።
ስሙን ከእናቱ ስም ደምሬ፣ በዐሥራ ሁለት ገድፌ
ዕጣውን የምነግረው ይመስል፣ ዓይን ዓይኔን ያያል።

ዶክተር አዛናው የመጣው ሚያዝያ ላይ ነው፣
የመተማ አቧራ ከጫማው ሳይለቀው።
ሰሊጥ ሊያጭዱ ወርደው ካላዛር ያስቀራቸው፣
ጣፊያቸው አብጦ ቀበቷቸው የጠበባቸው
አርባ አንድ ጎልማሶች፤
ለእያንዳንዳቸው አርባ አራት ጥያቄ ጠይቋል።
"አርባ አራት?" ብለው፣ "እንደ ታቦቱ" ብሎ ስቋል።
እኔም ሳቅሁ።
የጎንደር ልጅ ነኝ፤ በአርባ አራቱ ታቦት ስምል ኖሬያለሁ፤
አንድ በአንድ ቁጠር ቢሉኝ ግን ዐሥራ ሰባት ላይ እቆማለሁ።

ማሽኑ ደቂቃም አልፈጀ። ሁለት ኮከብ ወጣ፦
ማክሰኞ የተኛ ቶሎ ይድናል፤
ሬዲዮ ያለው ቶሎ ይድናል።
ማክሰኞን "ይቺስ እብደት ናት" ብሎ ጣላት፤
ሬዲዮዋን ግን እንደ በኩር ልጅ አቀፋት፣
እዚያው ቆሞ፣ እጄ ከማውሱ ሳይነሣ፣ የዘር ሐረግ ቆጠረላት፦
ሬዲዮ ያለው የጤና መልእክት ይሰማል፣
የሰማ ይነቃል፣
የነቃ መርፌውን ሳያቋርጥ ይጨርሳል።
ደስ ሲል! መላ ምቱ ከውጤቱ ኋላ ተወልዶ፣
ከፊት ሊቀመጥ ነው፣ "ከመነሻው ጠርጥረን ነበር" ተብሎ።

"አዛናው" አልኩት፣ "አርባ አራት በር ብታንኳኳ፣
ቤቱ ሁሉ ወና ቢሆን እንኳ፣
አንዱን ሁለቱን ነፋስ ይከፍትልሃል።
ገብተህ 'የመሸብኝ እንግዳ ነኝ' ትላለህ?"
ዝም አለ። ከዚያ፦
"ጆርናሉ ኮከብ ይፈልጋል፤
ዕድገቴም ይፈልጋል።"

እዚህ ላይ ባቆም፣ ብልሁ እኔ እሆን ነበር።
ግን አምና፣ ሥልጠና ላይ፣ ሲስተር ውባለም ከኋላ ወንበር፣
ከዳባት የመጣች፣ እጇን አወጣች፦ "ፒ ግን ምን ማለት ነው?"
"ግኝቱ የአጋጣሚ የመሆኑ ዕድል ነው"
አልኩ፣ ሳላመነታ። ሠላሳ ስድስት እስክሪብቶ ጻፈው።
ማታ፣ አዘዞ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ጉልበቴ ከሰው ጆንያ ተጣብቆ፣
ገባኝ። ፒ ስለ ግኝቱ አትመሰክርም፤
"ምንም ነገር ባይኖር ኖሮ፣ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የባሰ
ስንቴ ይታይ ነበር?" ከማለት አታልፍም።
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳስተምር
"ባይኖር ኖሮ" የምትለዋን እዘላት ነበር።
ላርማቸው አልተመለስኩም። ሠላሳ ስድስቱም ዛሬ
በየጤና ጣቢያው፣ ከነደብተራቸው፣ ሥራ ላይ ናቸው።

"ሃያ ሰባተኛውስ?" አልኩት አዛናውን። ረድፉ ባዶ ነው።
"ባይነሳኝ? የቋራ ልጅ ነበር መሰል።
ከአልጋው ተነሥቶ ሄደ፣ አልተመለሰም። ስለጠፋ አወጣሁት።"
አወጣሁት።
"ሬዲዮስ ነበረው?"
ካርዱን ገለጠ። ቆየ።
"ነበረው። ራስጌው ሆኖ ሌሊቱን ሲያወራ
ነርሶቹ ይነጫነጩ ነበር።"
ባይነሳኝን መለስነው፤ ባናውቅም፣
እስቲ አልዳነም እንበል ብለን።
ኮከቧ ጠፋች።

አዛናው ፍላሹን ነቅሎ ወጣ፤ ምን እንደሚጽፍ አላውቅም።
እኔ ግን አንድ ወረቀት ሳብኩ፦
"ለሲስተር ውባለም፣ ዳባት።
ያን ቀን የነገርኩሽን ሰርዢልኝ።
የቀሩት ሠላሳ አምስቱ
የት የት እንዳሉ ታውቂ ይሆን?"